ስምንት ቀን ያላለቀ ቤንዚን

ሷሊሕ ቤንዚን የሚለካው በጆሮው ነው። ይህን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ማደያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚነዳት የመሥሪያ ቤት ሞተር የነዳጅ መለኪያ የላትም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም ከሦስት ዓመት በፊት አርባ ስምንት ሺህ ላይ ደርሶ «ከዚህ ወዲያ እናንተው ቁጠሩ» ያለ ይመስል ቆሟል። የሠራት ፋብሪካ መለኪያ የነፈጋት ምን አስቦ እንደሆነ አይታወቅም። ገዢዋ ድሃ ነው፣ ድሃ ደግሞ መጨነቅ ልማዱ ነው፣ አንድ ጭንቀት ቢጨመርለት አይሰማውም ብለው ይሆናል።

መሥሪያ ቤቱ ግን በየወሩ ቅጽ ያስሞላል። «የተጓዘ ኪሎ ሜትር» እና «የተቃጠለ ነዳጅ» የሚል ሳጥን አለበት። ቆጣሪ በሌላት ሞተር የተሄደውን መንገድ፣ መለኪያ ከሌለው የነዳጅ ጋን የጎደለውን ሊትር ጻፍ ነው ነገሩ። ሷሊሕ የመጣለትን ይጽፋል፤ ሚኪያስ የሚባለው የቡድን መሪ ሳያነብ ይፈርማል፤ ወረቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ ያሉትም ከራሳቸው በላይ ወዳለው ይገፉታል። ሁሉም እንደሚዋሽ ሁሉም ያውቃል። ስሙም «ሪፖርት» ይባላል።

ሷሊሕ በሙያው ከብት አዳቃይ ነው። ከኋላው አንዲት የብረት እንስራ አስሮ ይዞራል። በእንስራዋ ውስጥ ከእሳት በማይተናነስ ብርድ የሚያቃጥል ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፤ በናይትሮጅኑ ውስጥ ደግሞ የይፋት ላም አይታው የማታውቀው ኮርማ ዘር በቀጫጭን ቱቦ ተነክሮ ተቀምጧል። ክዳኗ ሲነሳ ነጭ ጭስ ስለምትተፋ የገጠሩ ሰው «የጭስ እንስራ» ይላታል። ሷሊሕንም «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም፤ ነገር ግን በአሥራ አራት የሥራ ዓመቱ አንድም ጠሪውን አርሞ አያውቅም።

ይህችን የጭስ እንስራ በየጧቱ የሚለካት በእንጨት ነው። ቀጭን እንጨት እስከ ታች ይነክርና አውጥቶ በአየር ላይ ወዝወዝ ያደርገዋል፤ ናይትሮጅኑ የነካው ያህል አመዳይ ይይዛል። አንድ ጣት ከጎደለ ወዲያው ያውቃል። እንጨቷ ሌት ተቀን ከወንበሩ ሥር ተሰክታ ነው የምትውለው። እዚያው ክንድ በማይሞላ ርቀት ያለውን ቤንዚን ግን በእንጨት መለካት ለእሱ ውርደት ነው።

«እንጨት ጆሮ ለሌለው ነው» ይላል። «ቤንዚን ይናገራል።»

አነጋገሩም እንዲህ ነው። ሷሊሕ ግራ እጁ ላይ የብር ቀለበት አለው። በዚያች ቀለበት ጋኑን ከጎኑ ይቆረቁረዋል። ሙሉ ሲሆን «ድም» ይላል፣ አፉን እንደዘጋ ሰው። ግማሽ ሲሆን ድምፁ ይሳባል። ሲያልቅ ደግሞ «ቃ» ይላል፣ እንደ ባዶ ጣሳ። ከዚህ ሌላ የሚጠቀምበት ነገር ቢኖር መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችው ሲባጎ ናት። ጀውሃ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥርባታል፤ በስድስተኛው ቋጠሮ ማደያ ይገባል፤ ሲሞላ ሁሉንም ይፈታል። የጋኑን ክዳን ግን ከሞላ በኋላ ከፍቶ አያይም። በዚህ ቆላ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ፀሐይ አንድ ስኒ ትጠጣለች የሚል እምነት አለው፤ ማን እንዳስተማረው አይጠየቅም።

እንግዲህ ጉዱ የጀመረው እሑድ ዕለት ነው፤ ጋኑን አፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ቀን።

የዚያን ዕለት ጀውሃ ገበያ ላይ እትዬ ሂዳያ ጠሩት። እትዬ ሂዳያ ለባጃጅ የወንበር ልብስ የሚሰፉ፣ መርፌያቸው ስል፣ ምላሳቸው ከመርፌያቸው የባሰ ሴት ናቸው። አምና ቀይዋ ላማቸው በሷሊሕ እጅ ጥጃ አግኝታለች፤ እሳቸውም ውለታ የሚያሳድር ሰው አይደሉም። ለሞተሯ ልብስ ሰፍተው ጠበቁት። ልብስ ሲባል ታዲያ እንዲያው ልብስ አይደለም፤ ከላይ ቀይ ሌዘር፣ ከሥር ሦስት ጣት ስፖንጅ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ። ጋኑን ከአንገት እስከ ወገብ ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

«አሁን ሰው መሰለች» አሉ እትዬ ሂዳያ።

«ማሻአላህ» አለ ሷሊሕ። ሞተሯ የሰርግ በቅሎ ነበር የመሰለችው፤ ግን ይህን ማን ደፍሮ ይናገራል?

ሰኞ ጧት እንደ ልማዱ በቀለበቱ ቆረቆራት። «ድም» አለች። ሙሉ። ጥሩ። ማክሰኞ ማጀቴ ድረስ ሄዶ መጣና ቆረቆራት። «ድም።» ግንባሩን ቋጠረ። ረቡዕ ጀውሃ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ቆረቆራት። አሁንም «ድም»! ሲባጎዋ ላይ ቋጠሮው አምስት ደርሷል፤ የማጀቴውን እንደ ሁለት ቆጥሮት ማለት ነው። ጋኑ ግን ገና ከማደያ እንደወጣ ሁሉ አፉን ዘግቶ «ድም» ይላል።

ሰው የማይገባው ነገር ሲገጥመው ዝም ይላል ብሎ የሚያስብ ካለ ሮቢት መጥቶ ሻይ ቤት ይቀመጥ። ረቡዕ ማታ ሷሊሕ ጉዳዩን አወጣው፤ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጊዜ ውስጥ አራት ሊቃውንት ተገኙ። አንዱ አዲሱ ካንዴላ እሳቱን አጠንክሮ ነዳጅ ስለሚቆጥብ ነው አለ። አንዱ በሙቀት ቤንዚን ያብጣል አለ። አንዱ ማደያው ተሳስቶ ጥሩ ቤንዚን ሸጦልህ ይሆናል ብሎ ሳቀ። አንዋር የሚባለው ባጃጅ ነጂ ብቻ ነበር ጥያቄ የጠየቀ።

«ክዳኑን ከፍተህ አየኸው?»

«ለምን እከፍተዋለሁ? ይናገራል እኮ!»

«እኔማ እንጃ» አለ አንዋር። «የኔ ባጃጅ ስትናገር ሁልጊዜ ስጠኝ ነው የምትለው።»

«በረካ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ያንተ ችግር እሱ ነው» አለ ሷሊሕ። ይህን ሲናገር ግማሹ ቀልድ ነበር። ማታ ሲተኛ ግን ግማሹ ቀልድ ከላዩ ወረደና ሌላው ግማሽ አብሮት አደረ። አሥራ አራት ዓመት በዚህ አቧራ፣ በዚህ ፀሐይ፣ ስንቱን መንደር ወተት በወተት ሲያደርግ፣ አላህ አንድ ጋን ቤንዚን ቢባርክለት ምን ይገርማል? ሲባጎዋ ተሳሳተች። ክር ምን ያውቃል? ከዚያ ወዲያ አልቋጠረባትም።

ሐሙስ አመሻሽ ወደ ሮቢት ሲመለስ ሞተሯ በመንገድ ላይ ተንተባተበች፤ ሁለቴ ሳለች።

ሞተር የነዳ ሁሉ የዚህን ሳል ትርጉም ያውቃል። ከጋኑ ሥር ያለው መክፈቻ ሁለት አቅጣጫ አለው። ዋናው ሲደርቅ ሞተሯ ትስላለች፤ ነጂው ጎንበስ ብሎ መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ ያዞራል፤ ከዚያ በቀረችው አንድ ሊትር ገደማ ጸሎት እያደረሰ ማደያ ይፈልጋል። ሕጉ ይኸው ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳም ያውቀዋል። ሷሊሕ ግን የተባረከ ሰው ስለሆነ ሕጉ አልሠራለትም። ጋኑ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ሳሉ የቤንዚን ማለቅ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ቧንቧው ቆሻሻ ይዞታል ማለት ነው። መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ አዞረ፤ ሞተሯ እንደ ዶቃ ተስተካክላ ሄደች። «አላልኳችሁም? ቆሻሻ ነው» አለ፣ ማንም አጠገቡ ሳይኖር። መክፈቻውንም እዚያው ሪዘርቭ ላይ ተወው። አዋቂ ሰው የሚሳሳተው እንደዚህ ነው፤ ማስረጃው እንኳ ቢመጣለት ለስህተቱ ምስክር አድርጎ ይቀጥረዋል።

ዓርብ ከመስጊድ ርቆ አልሄደም። ቅዳሜና እሑድ ሞተሯ ግቢ ውስጥ በወርቃማ ዘርፏ አጊጣ ዋለች።

ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቁርስ ሲበላ፣ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሂዳያ ነበሩ።

«ዶክተር! ዳለቻ ኮርማ ፈልጋለች!»

ሷሊሕ ከምንጣፉ ላይ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ዳለቻ የእትዬ ሂዳያ ሁለተኛዋ ላም ናት። ሁለት ጊዜ አዳቅሏታል፤ ሁለቱንም ጊዜ አልያዘችም። የባላቸው ወንድም ሱሌይማን ከዚህ በኋላ ገለባ ለመካን አልሸከምም ብሏል፤ ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው፣ ካልሆነ ማክሰኞ ለማጀቴ ገበያ ትወጣለች፤ የሚገዛት ደግሞ ሥጋ ሻጭ ነው። ዳለቻን ከጥጃነቷ ጀምሮ በጡጦ ያሳደጓት እትዬ ሂዳያ ናቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?»

«ትናንት ማታ ጀምራ ስትጮህ አደረች። ኔትወርክ የለም፤ አሁን ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነው።»

«ማታ የፈለገች ጧት፣ ጧት የፈለገች ማታ» ይላል የአዳቃዮች ደንብ። ማታ የጀመረች ላም እስከ ረፋድ ካልተደረሰላት ጊዜዋ ያልፋል። ከአምስት ሰዓት በኋላ የሚደርስ አዳቃይ ላሟን አይቶ አዝኖ የሚመለስ እንግዳ ነው።

«እደርሳለሁ፤ ኢንሻአላህ እስከ አራት ሰዓት» አለ።

የጭስ እንስራዋን በእንጨቱ ለካ፤ አመዳዩ ስድስት ጣት። በቂ ነው። ሞተሯን በቀለበቱ ቆረቆረ። «ድም።» ማደያው በር ላይ የባጃጅ ሰልፍ ጠመዝማዛ ሠርቶ ነበር፤ አንዋር ከሰልፉ መሃል እጁን አውለበለበለት።

«ሷሊሕ! ና ተሰለፍ፤ በረካም እኮ ታልቃለች!»

ሷሊሕ ሳቅ ብሎ አለፈ። ሲባጎዋ መስታወቱ ላይ በነፋስ ትወዛወዛለች፤ አምስት ቋጠሮ ይዛ።

ጀውሃን አለፈ። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ እትዬ ሂዳያ መንደር የሚወስደውን የደረቀ የወንዝ አሸዋ ተያያዘው። አሸዋ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚታለፈው፤ በሁለተኛ ማርሽ ደግሞ ሞተር እንደ ግመል ትጠጣለች። ከአሸዋው ወጥቶ የሽንኩርቱን ማሳ ይዞ ጥቂት እንደሄደ ሞተሯ ሳትስል፣ ሳትንተባተብ፣ ዝም አለች። ሳል የሪዘርቭ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱን ሐሙስ ተቀብሎ በልቶታል።

ረገጠ። አልተነሳችም። ደግሞ ረገጠ። ቆረቆራት። «ድም» አለች፣ ሙሉ ሆዷን እንደያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ በስምንት ቀን ውስጥ የክዳኑን ቁልፍ አዞረና ወደ ውስጥ አየ። ጨለማ ነበር። ሞተሯን ነቀነቃት፤ ከሩቅ፣ ከታች፣ ከአንድ ጥግ፣ «ጭል» የሚል ነገር ሰማ።

ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ከቀዩ ሌዘር ሥር አስገባና ራቁቱን ብረት በቀለበቱ ነካው።

«ቃ።»

ስፖንጁን አየ። ቀለበቱን አየ። ሌዘሩን ቆረቆረው፤ «ድም»። ብረቱን፤ «ቃ»። ሌዘሩን፤ «ድም»። ይህን እያፈራረቀ ሦስት አራት ጊዜ ደገመው። ስምንት ቀን ሙሉ ሲያናግር የከረመው ቤንዚኑን ሳይሆን የእትዬ ሂዳያን ስፖንጅ ነው። እርግጥ ነው ስፖንጅ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«የት ደረስክ?» አሉ እትዬ ሂዳያ።

«ደርሻለሁ» አለ። በዚህ አገር ደርሻለሁ ማለት ገና ነኝ ማለት እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ።

ከማሳው ውስጥ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ፣ ትከሻቸው ላይ አካፋ የጣሉ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ጋሼ በላይ ናቸው፤ የሚያጠጡት ሽንኩርት የራሳቸው ነው፤ ሷሊሕንም ያውቁታል።

«ምነው ዶክተር፣ ሞተሯም ኮርማ ፈለገች እንዴ?»

«ቤንዚን አልቆ ነው ጋሼ በላይ።»

«ለዚህ ነው? ፓምፔ ውስጥ ሞልቷል፤ ልቅዳልህ።»

«የአንቱ ፓምፕ በናፍጣ አይደል የሚሠራው?»

«በናፍጣ ነው።»

«ይህች በቤንዚን ነች።»

«ሁለቱም ይሸታሉ እንግዲህ» አሉ ጋሼ በላይ ትንሽ ቅር ብሏቸው። «አህያም እንዳልሰጥህ ሽንኩርት ጭና ጀውሃ ወርዳለች። በእግርህ ብትነካው?»

«ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አሁን አራት ሰዓት አለፈ። እስከ አምስት ካልደረስኩ የእትዬ ሂዳያ ላም ነገ ትታረዳለች።»

ጋሼ በላይ አካፋቸውን መሬት ሰክተው ሞተሯን ዞሯት። ዓይናቸው ከወንበሩ ሥር በተሰካችው እንጨት ላይ አረፈ።

«ይቺ እንጨት ምንድን ናት?»

«የናይትሮጅኑ መለኪያ።»

«የቤንዚኑስ?»

«ቤንዚኑን… በጆሮዬ ነው።»

«ጆሮህ ምን አለህ?»

«ሙሉ ነው አለኝ።»

ጋሼ በላይ አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር። ጎንበስ ብለው ወደ ክፍቱ ጋን አሸተቱ፤ ከዚያ ሞተሯን ይዘው ነቀነቋት። «ጭል» አለ።

«ይኸው አለ እኮ!»

«እሱማ በቀኝ በኩል የቀረ ነው። ጋኑ ከሥር መሃሉ እንደ ኮርቻ ያበጠ ነው፤ መክፈቻው በግራ ነው፤ በቀኝ ያለው ወደዚህ አይሻገርም።»

«አንተ እስላም ስለሆንክ አይፈረድብህም» አሉ ጋሼ በላይ። «ጠላ ሲያልቅ ጋኑን ታጋድለዋለህ እንጂ ትቆረቁረዋለህ?»

ሷሊሕ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ ጋኑ አየ። አሥራ አራት ዓመት ሞተር ነድቶ ይህን አንድም ቀን አላሰበውም ነበር፤ ጆሮ ያለው ሰው ምን ያስባል?

«የጭስ እንስራዬን ልፍታ» አለ ብቻ።

እንስራዋን ከገመዱ ፈትቶ በጥንቃቄ በድንጋይ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ አቆማት፤ እሷ ከተጋደመች ኮርማው ሁሉ አሸዋ ላይ ይቀራል። የጋኑን ክዳን ዘጋ። ሁለቱ ሰዎች ሞተሯን ከነወርቃማ ዘርፏ ወደ ግራ ጎኗ አጋደሟት። ከሆዷ ውስጥ ቤንዚኑ ከቀኝ ወደ ግራ «ገለግል» ብሎ ሲሻገር ተሰማ፤ በዚህ ሳምንት ሷሊሕ የሰማው ብቸኛ እውነተኛ ወሬ ይህ ነበር። መልሰው አቆሟት። እንስራዋን አሰረ። ረገጠ። አልተነሳችም። ረገጠ። በሦስተኛው ሳል አድርጋ ተነሳች።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» አሉ ጋሼ በላይ አካፋቸውን እየነቀሉ። «ሂድ፤ ሳታቆማት ሂድ!»

ሳያቆማት ሄደ። ጉድጓዱን በዳር፣ ድንጋዩን በዳር፣ ነዳጅ ሳያበዛ፣ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ በስበት እየወረደ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ በማርሽ እያስነሳ። ዘርፉ በተወዛወዘ ቁጥር ልቡ አብሮ ይወዛወዛል። የቀረው ስንት ነው? ግማሽ ብርጭቆ? አንድ ስኒ? የሚነግረው የለም። ጆሮውንም ሊያምነው አልቻለም።

የእትዬ ሂዳያ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሱሌይማን ከዛፉ ሥር ቆሟል፤ እጁ ላይ የመጎተቻ ገመድ ጠቅልሎ ይዟል።

«አረፈድክ ብዬ ነበር» አለው።

«ደርሻለሁ አላልኩም?» አለ ሷሊሕ፣ ዘሎ እየወረደ።

በሌላ አገር የቀዘቀዘችውን የዘር ቱቦ ለማቅለጥ ውሃ ያሞቃሉ፤ በይፋት ቆላ በዚህ ሰዓት ውሃ ማሞቅ የማገዶ ማባከን ነው። ፀሐይ ላይ ከቆየው ባልዲ ሙቀቱን በቴርሞሜትር አይቶ ቀዳ። ዳለቻ በጋጣዋ ውስጥ ጭራዋን ገለል አድርጋ ቆማለች። ሷሊሕ አያት፣ ዳሰሳት፣ እፎይ አለ፤ ጊዜዋ አላለፈም። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ ሳለ እትዬ ሂዳያ ወደ ሞተሯ ሄደው ሌዘሩ ላይ የተጋገረውን አቧራ ሲያዩ ጊዜ ጮሁ።

«ምን አድርገሃት ነው? መሬት ለመሬት ጎተትካት?»

ማምለጫ አልነበረም። ነገራቸው። በረካውን ሳይቀር ነገራቸው፤ እሱን ባይነግር ይችል ነበር።

እትዬ ሂዳያ ወገባቸውን ይዘው ሰሙት። «እንግዲህ እኔ ውለታ ልመልስ ብዬ በሰፋሁት ልብስ የገዛ ላሜን ላሳርዳት ነበር?»

«ስፖንጁ ድምፁን ውጦት ነው እትዬ።»

«ስፖንጁማ ሥራውን ነው የሠራ! አንተ ሥራህን ምነው አልሠራህ? ሰው ስምንት ቀን አይከፍትም? በረካ ይላል! በረካ ቤንዚን ውስጥ ገብታ ምን ልትሆን ነው?»

ሱሌይማን ገመዱን መሬት ጥሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከሳቁ ሲመለስ ግን የሄደው ወደ ጀውሃ ነው፤ በመጣ ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደና በሁለት ሃይላንድ ቤንዚን ይዞ መጣ። ገመዱን አልያዘም ነበር። እትዬ ሂዳያም ገመዱን ከመሬት አንስተው እሱ ሳያይ ከምንጣፍ ሥር ከተውታል።

ላምም እንደ ሞተሯ መለኪያ የላትም። ይዛለች ወይስ አልያዘችም ለማለት ቆርቁረው አያዳምጧትም፤ ሃያ አንድ ቀን ይጠብቋታል። በሃያ አንደኛው ቀን ግድም ከፈለገች አልያዘችም፤ ዝም ካለች ተስፋ አለ። ሷሊሕ የሲባጎዋን አሮጌ ቋጠሮ ፈታና በየቀኑ አንድ አንድ ይቋጥርባት ጀመር። ማደያ ሲገባ ደግሞ እንጨት መንከር ጀምሯል፤ ሰው ሳያይ፣ ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ። ለቤንዚን የለየው እንጨት ሌላ ነው። አንዋር አንድ ቀን ደርሶበት «ጆሮህን ምን ነካው?» ቢለው፣ «ሰም ይዞታል» ብሎ አለፈው።

በሃያ አራተኛው ቀን እትዬ ሂዳያ ዘንድ ሄደ። ዳለቻ ከዛፉ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። አልጮኸችም፣ አልፈለገችም፣ ማንንም አላየችም።

«ይዛለች?» አለ ሱሌይማን።

«በሁለት ወሩ በእጄ አያታለሁ። እስከዚያ ግን ለገበያ አትወጣም» አለ ሷሊሕ።

እትዬ ሂዳያ መቀሳቸውን ይዘው ወደ ሞተሯ ሄዱ። ከጋኑ ጎን ቀዩን ሌዘር በስኒ አፍ ልክ ቀደዱ፤ ስፖንጁን ቆርጠው ጣሉ፤ ከሥሩ ብረቱ ብቅ አለ። ከዚያ እዚያው ተንበርክከው ዳሩን በወርቃማ ክር መቀምቀም ጀመሩ።

«ልብሱን አላወልቀውም» አሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየቆረጡ። «ደክሜበታለሁ። ና አሁን ቆርቁር።»

ሷሊሕ ቀለበቱን ወደ ቀዳዳዋ አስገባና ነካ አደረገው። ድምፁ ተሳበ።

«ምን አለ?»

«ግማሽ ነው አለ።»

«ሮቢት ያደርስሃል?»

ሷሊሕ ቀለበቱን ከቀዳዳዋ አወጣ። ከወንበሩ ሥር የቤንዚኑን እንጨት መዝዞ የጋኑን ክዳን ከፈተ።